ከየትኛው ድምፅ ጋር? ስለ አብራሪዎች የጽሑፍ መልእክት ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በየቴሌግራም ግሩፑ የሚዞረውን ጽሑፍ ሳታዩት አልቀራችሁም። እኔ ጋ አንዴ ከደብረ ብርሃን መምህራን ግሩፕ፣ አንዴ ከመሐል ሜዳ ልጆች፣ ከዚያ ደግሞ አዲስ አበባ ካለች የአክስቴ ልጅ ደርሶኛል። የአክስቴ ልጅ ሥሩ ላይ «ከእንግዲህ በአውሮፕላን አልሄድም» ብላ ጽፋበታለች። ትሄዳለች፣ አውቃታለሁ። ግን ጽሑፉ ብዙ ሰው አስደንግጧል፤ አጻጻፉም ጥሩ ነው፤ በኔ እምነት ደግሞ ዋናው ነጥቡ ስህተት ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በሬዲዮ መነጋገሩን እየተዉ በስክሪን ጽሑፍ መላላክ ጀምረዋል፣ ይሄም አደገኛ ነው ይላሉ። አብራሪው ማብረሩን ትቶ ስልክ እንደያዘ ጎረምሳ ይጽፋል። ድምፅ ወዲያው ይደርሳል፣ ጽሑፍ ግን አራት ደቂቃ ይፈጃል። የተጨነቀ ሰው በድምፁ ይታወቃል፣ ጽሑፍ ግን ስሜት የለውም። በሬዲዮ ሁሉም ሁሉን ይሰማል፣ በጽሑፍ ግን እያንዳንዱ አውሮፕላን ለብቻው ነው። በዚያ ላይ ሊጠለፍ ይችላል። በመጨረሻም ነገሩ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፣ ለኛ አይሆንም ይላሉ። አስተማማኝም አይደለም ብለው ለማስረጃ የኤር ፍራንስ 447ን አደጋ ያነሳሉ። ከሁሉም ደስ ያለኝ ግን የአገራቸው ምሳሌ ነው፤ የመንዝ ሰው ከጋራ ጋራ እየተጠራራ ኖሯል፣ በድምፅ ያልተግባባ በምን ይግባባል? እመለስበታለሁ።

እኔ አብራሪ አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ፣ ሬዲዮ ደግሞ ሥራዬም ሱሴም ነው።

ነገሩ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ። ባለሙያዎቹ ሲፒዲኤልሲ ይሉታል፤ ዳታ ሊንክ ካላችሁም ያስኬዳል። ተቆጣጣሪው ከስክሪኑ ላይ «ወደዚህ ከፍታ ውጣ» ብሎ ይልካል። ኮክፒት ማለትም የአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ደወል ይሰማል፣ ጽሑፉ ይመጣል፣ አብራሪዎቹ ያነቡታል። ከተስማሙ «ዊልኮ» የሚለውን ይጫናሉ፤ ገብቶኛል፣ እፈጽማለሁ ማለት ነው። ካልቻሉ «አንኤብል»፣ ጊዜ ከፈለጉ «ስታንድባይ»። አብራሪውም በተራው ከፍታ እንዲቀየርለት ወይም ደመና ለመሸሽ ከመንገዱ እንዲወጣ በዚሁ ይጠይቃል። ቅርብ ከሆነ በቪኤችኤፍ ሬዲዮ፣ ሩቅ ከሆነ በሳተላይት ወይም በኤችኤፍ ይሄዳል። የትናንት ፈጠራም አይደለም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ስለ ወደፊቱ የአየር ጉዞ ሥርዓት የሚያጠና ኮሚቴ ያቋቋመው በ1983 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በ1995 ቦይንግ 747-400ዎች ደቡብ ፓስፊክ ላይ ሥራ ላይ አዋሉት። ጽሑፉ እንደ አዲስ ነገር ያስፈራራን ሠላሳ ዓመት ገደማ በቆየ ነገር ነው።

አሁን ወደ ክሶቹ። ጸሐፊው የሳሉት አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ እጁ ኪቦርድ ላይ ያለ አብራሪ ነው። ኮክፒት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያበራል፣ ሌላው ከመሬት ጋር ይገናኛል። ይሄ ክፍፍል ዳታ ሊንክ ሳይመጣም ነበር። መልእክቱም ከባዶ አይጻፍም። አብዛኛው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ከዝርዝሩ መርጦ ቁጥሩን መሙላት ነው። 35,000 ጫማ ላይ ለመውጣት የፈለገ አብራሪ ጥያቄውን ይመርጥና 350 ብሎ ያስገባል፣ አለቀ። የራስን ዓረፍተ ነገር መጻፍም ይቻላል፤ ግን ሌላ አማራጭ ሲጠፋ እንጂ እንዲበዛ አይፈለግም።

ደግሞስ በሬዲዮ ሲሆን አይጻፍም ያለው ማነው? ትእዛዝ ሲመጣ አብራሪው እስክሪብቶ ይዞ ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ ኮምፒውተር ያስገባል። በተለይ ከመነሳት በፊት የሚሰጠው የመንገድ ፈቃድ ረጅም ነው። ነጎድጓድ መንገዱን ሲዘጋ የብዙ አውሮፕላን መንገድ ባንዴ ይቀየራል፤ በድምፅ ከሆነ ተቆጣጣሪው አንድ በአንድ እያነበበ፣ አብራሪው መልሶ እያነበበ፣ የተሳሳተው እየታረመ፣ የቀረው እየጠበቀ፣ ሰልፉ ይረዝማል። አሜሪካኖች ከ2016 ጀምሮ ይህን ፈቃድ በጽሑፍ መስጠት የጀመሩት ለዚህ ነው፤ ዛሬ ከ60 በላይ ኤርፖርቶች ላይ ይሠራል። መልእክቱ ይመጣል፣ አብራሪዎቹ አይተው ይቀበላሉ፣ መንገዱም ማንም በእጁ ሳይጽፈው ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነገር አለ፣ እሳቸው ራሳቸው ባያነሱትም። «በዚህ ሰዓት ወደዚህ ከፍታ ውጣ» የሚል ትእዛዝ በጽሑፍ ሲመጣ ሰዓቱን ዘለው ከፍታውን ብቻ አይተው ወዲያው የወጡ አብራሪዎች አሉ። ውቅያኖስ ላይ የታወቀ ችግር ነው፤ ለአብራሪዎች በሚወጡ ማሳሰቢያዎች ላይም እየተደጋገመ ይነሳል። ጆሮ እንደሚሳሳተው ዓይንም ይሳሳታል። ስለዚህ ሥርዓቱ ሁለቱም አብራሪዎች ለየብቻ አንብበው ከተስማሙ በኋላ ነው ዊልኮ የሚጫኑት ይላል። ሲደክማቸው አይዘሉትም ወይ ካላችሁኝ፣ ሰው ናቸው።

ዋናው ክስ የፍጥነቱ ነው። ድምፅ ወዲያው ይደርሳል፣ ጽሑፍ ይዘገያል።

ከየትኛው ድምፅ ጋር ነው የሚያወዳድሩት?

ጸሐፊው ልባቸው ውስጥ ያለው ቦሌ ዙሪያ የሚሰማው ድምፅ ይመስለኛል። እሱ ቪኤችኤፍ ነው። ጥርት ያለ ነው፣ ሲናገሩት ወዲያው ይሰማል። እሱን ማንም አልነካባቸውም። አውሮፕላን ሲነሳ፣ ሲያርፍ፣ ኤርፖርት አካባቢ ተራ ሲጠብቅ ዛሬም በድምፅ ነው የሚነጋገረው። ችግሩ ቪኤችኤፍ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሞገድ መሆኑ ነው፤ ተራራ ይጋርደዋል፣ የምድር ክብነትም ይጋርደዋል። 35,000 ጫማ ላይ ያለ አውሮፕላን እንኳ ከአንቴናው 230 ኖቲካል ማይል ገደማ፣ ማለትም ከ400 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ ከራቀ ይጠፋል። ውቅያኖስ መሃል አንቴና አይተከል። ሰሃራም ላይ ቢሆን ጣቢያ አቁሞ፣ መብራት አስገብቶ፣ ጠባቂ ቀጥሮ ማኖር ቀላል አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ድምፅ ኤችኤፍ ነው፣ ማለትም አጭር ሞገድ። የጀርመን ድምፅን በአጭር ሞገድ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ሬዲዮ ያውቀዋል። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ያፏጫል፤ ዋናው ዜና ላይ ሲደርስ ሌላ ጣቢያ ይደባለቅበታል። ሞገዱ ከላይ ካለው አዮኖስፌር ከሚባለው ንብርብር ላይ እየነጠረ ስለሚመለስ ቀን የሠራው ፍሪኩዌንሲ ሌሊት አይሠራም፣ ፀሐይ ላይ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ ጭራሽ ድምጥማጡ ይጠፋል። ቤት ሆኖ ለሚሰማ ሰው ምንም አይደል፣ አንቴናውን ያዟዙራል። አትላንቲክ ላይ ሆኖ ከፍታ ለመቀየር ፈቃድ የሚጠይቅ አብራሪ ግን ቁጥሯን በትክክል መስማት አለበት።

የመንዙ ምሳሌ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እውነት ነው፣ ከጋራ ጋራ ይጠራራል። ጸሐፊው ግን ግማሹን ነው የነገሩን። የጓሳ ነፋስ በተነሳ ቀን ወይም ርቀቱ ሲበዛ ማዶ ያለው ሰው ቃሉን አይለየውም፤ መሃል ላይ ያለ እረኛ ሰምቶ ይደግምለታል። ሦስተኛው ጋራ ላይ ወሬው ምን ሆኖ እንደሚደርስ የሰማ ያውቀዋል። ውቅያኖስ ላይ በኤችኤፍ የሚሆነውም ይኸው ነው። በአውሮፓ በኩል ያለው የሰሜን አትላንቲክ ክፍል ሻንዊክ ይባላል። ተቆጣጣሪዎቹ ስኮትላንድ ውስጥ ፕሬስትዊክ ይቀመጣሉ። በኤችኤፍ አብራሪውን የሚያናግሩት ግን እነሱ አይደሉም፤ አየርላንድ ውስጥ ባሊጊሪን በሚባል ቦታ ያሉ የሬዲዮ ኦፕሬተሮች ናቸው። አብራሪው ይናገራል፣ ኦፕሬተሩ ሰምቶ ይጽፋል፣ ለተቆጣጣሪው ይልካል። ተቆጣጣሪው ወስኖ መልሱን ይልካል። ኦፕሬተሩ አብራሪውን ጠርቶ ያነብለታል፣ አብራሪው መልሶ ያነባል፣ እሱም ተመልሶ ይላካል። ልብ በሉ፣ ጸሐፊው የሚሟገቱለት ድምፅ መሃሉ ላይ ድሮም ጽሑፍ ነበር። ዳታ ሊንክ ያደረገው እረኛውን ከመሃል ማውጣት ነው።

አራት ደቂቃ ይፈጃል የሚሉት ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ለውቅያኖስ በረራ አርሲፒ 240 የሚባል መስፈርት አለ። ቁጥሩ ሰከንድ ነው። ትእዛዙ ተልኮ፣ አብራሪዎቹ አንብበው፣ መልሳቸው ተመልሶ እስኪደርስ ያለው ሙሉ ዙር በ240 ሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበት ይላል። ጸሐፊው መልእክቱ አራት ደቂቃ ይጓዛል ብለው ተረድተውታል። አይደለም። 240 ጣሪያው ነው፣ ያውም አብራሪው የሚያስብበት ጊዜ ተቆጥሮበት፤ አብዛኛው ከዚያ በጣም ባነሰ ጊዜ ያልቃል። መዘግየት የለም ግን አልልም፣ አለ። ስለዚህ ነው ሁለት አውሮፕላን ተቀራርቦ «አሁኑኑ ታጠፍ» መባል ሲኖርበት ማንም ጽሑፍ የማይልከው። ማይኩን አንስቶ ይናገራል።

ጥቅሙንም ጸሐፊው ዘለውታል። ሰሜን አትላንቲክ ላይ ጎን ለጎን ያሉት መንገዶች አንድ ዲግሪ ኬክሮስ፣ 60 ኖቲካል ማይል ይራራቁ ነበር፤ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኖቹን በራዳር አያያቸውም፣ ቶሎ ሊያገኛቸውም አይችልማ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ዳታ ሊንክ ለያዙና ቦታቸውን በራሳቸው ለሚያሳውቁ አውሮፕላኖች ርቀቱ በተመረጡ መንገዶች ላይ ወደ ግማሽ ዲግሪ ወረደ። ጥሩ ነፋስና ጥሩ ከፍታ ያለበትን መንገድ ብዙ አውሮፕላን ይካፈለዋል ማለት ነው፣ ነዳጅም ይተርፋል። ፉጨት በሚበዛበት ድምፅ ይህን ለማድረግ የሚደፍር አልነበረም።

ጥርት ያለው ቪኤችኤፍስ? እሱም የራሱ ጉድ አለው። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሁለት ሰው ባንዴ ከተናገረ የሚሰማው ፉጨት ነው። ማርች 27 ቀን 1977 ስፔን ቴኔሪፍ ደሴት ላይ የኬኤልኤምና የፓን አም ሁለት 747ዎች በጉም ውስጥ መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይሄ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ለኬኤልኤሙ «ቆይ፣ እጠራሃለሁ» ሲል በዚያው ቅጽበት ፓን አሞቹ ገና መንደርደሪያው ላይ ነን አሉ፣ ሁለቱ ድምፆች ተደራረቡ፣ ኬኤልኤሙ ኮክፒት ውስጥ በቅጡ አልተሰሙም። ዳታ ሊንክ ቢኖር ይህ አይደርስም ነበር እያልኩ አይደለም፤ የመነሳት ፈቃድ ዛሬም በድምፅ ነው። ግን ጸሐፊው «ድምፅ አይከዳም» ብለው ሲጽፉ ይህችን ታሪክ ያውቋታል ወይ ብዬ ጠይቄአለሁ።

ቁጥር መሳሳትም አለ። በ1989 አንድ የፍላይንግ ታይገር የጭነት 747 ኩዋላ ላምፑር ለማረፍ እየተጠጋ ነበር። ተቆጣጣሪው ወደ 2,400 ጫማ እንዲወርድ ለማዘዝ በእንግሊዝኛ «ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» አለ። አብራሪዎቹ ወደ 400 ውረድ ያላቸው መሰላቸው። ኮረብታ ላይ ወደቁ፤ አራት ነበሩ፣ አራቱም ሞቱ። ስክሪን ላይ 2400 ከ400 ጋር አይምታታም። ስማቸው የሚመሳሰል በረራዎችም አሉ፤ ለአንዱ የተባለውን ሌላው ተቀብሎ የሚፈጽምበት አጋጣሚ በየአገሩ ተቆጣጣሪዎችን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። የጽሑፍ መልእክት ግን ለአንድ አውሮፕላን ብቻ ነው የሚሄደው።

የስሜቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ ጸሐፊው በድምፅ ውስጥ ጭንቀት ይሰማል ይላሉ። አንዳንዴ ይሰማል። ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 የአቪያንካ 52 በረራ ከኮሎምቢያ ኒውዮርክ ደርሶ በአየር ጠባዩ ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ እንዲዞር ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ነበር። ረዳት አብራሪው ነዳጅ እያለቀብን ነው ብሎ በሬዲዮ ተናግሯል። «ኢመርጀንሲ» ግን አላለም። ተቆጣጣሪዎቹ ድምፁን ሰምተዋል፣ ጭንቀቱን ግን ማንም አልለየውም። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ወድቆ 73 ሰዎች ሞቱ። እና በእውነት ለመናገር፣ እኛ ሸዋዎች ሆድ እየቆረጠንም «ምንም አልል፣ ይመስገን» ባዮች ነን፤ በኛ ሰው ድምፅ ጭንቀት ለይቶ ለማወቅ የሚወራረድ ካለ እኔ የለሁበትም። ዳታ ሊንኩ ዝርዝር ውስጥ «ሜይዴይ» (የአደጋ ጥሪ) ተብሎ የተቀመጠ መልእክት አለ፤ ስንት ነዳጅ እንደቀረና ስንት ሰው እንደተሳፈረ የሚነግርም አለ። እነሱ ትርጉማቸው በድምፅ ቃና ላይ አይወሰንም።

ቢሆንም እዚህ ጋ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ትክክል የሆኑበት ቦታ አለ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 የዩኤስ ኤርዌይስ 1549 ሁለቱንም ሞተር በወፍ አጥቶ ሃድሰን ወንዝ ላይ ሲያርፍ ከወፎቹ እስከ ውሃው የነበረው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ካፒቴኑና ተቆጣጣሪው በአጫጭር ቃል ተነጋገሩ፣ መጨረሻ ላይ ካፒቴኑ ሃድሰን ላይ ልናርፍ ነው አለ፣ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። በዚያ ሰዓት ከዝርዝር ውስጥ መልእክት ምረጥ የሚል ሰው ካለ ጤነኛ አይደለም። ዳታ ሊንክ ያለበት አውሮፕላንም የድምፅ ሬዲዮው አብሮት አለ፣ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳውም እሱ ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዱ ሲመጣ ሌላው እንደተጣለ አድርጎ ነው የሚያወራው። የተጣለ ነገር የለም።

አራተኛው፣ ሁሉም ሁሉን ይሰማል የሚለው፣ ከጽሑፋቸው ጠንካራው ነጥብ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልጋፋቸውም። ፊትህ ያለው አውሮፕላን «እዚህ ከፍታ ላይ ኃይለኛ መናወጥ አለ» ሲል ሰምተህ ቀበቶ ታስራለህ። ተቆጣጣሪው ተሳስቶ ለሁለት አውሮፕላን አንድ ከፍታ ቢሰጥ ከሁለቱ አንዱ ይሰማና ይጮሃል። በጽሑፍ ሲሆን ይህ ይቀራል። አብራሪዎችም ተቆጣጣሪዎችም ይህን ቅሬታ ሲያነሱ ኖረዋል፣ ተገቢም ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ መሰማማቱ ራሱ ዋስትና አይደለም። ኖቬምበር 12 ቀን 1996 ሕንድ ውስጥ ቻርኪ ዳድሪ ላይ የሳውዲ 747ና የካዛክስታን ኢሊዩሺን 76 ሰማይ ላይ ተጋጭተው 349 ሰው ሞቷል። ሁለቱም ከአንድ ተቆጣጣሪ ጋር ነበር የሚነጋገሩት። የሳውዲው 14,000 ጫማ ላይ፣ የካዛኩ 15,000 ጫማ ላይ እንዲሆኑ ታዘዋል፤ ተቆጣጣሪው ለካዛኩ ከፊትህ አውሮፕላን እየመጣ ነው ብሎም ነግሮታል። የካዛኩ ግን ከታዘዘው በታች ወረደ። ከዚያ በኋላ ሕንድ ግዴታ ያደረገችው ሁለት አውሮፕላን ሲቀራረብ ኮክፒት ውስጥ ራሱ የሚያስጠነቅቀውን ቲካስ የተባለውን መሣሪያ ነው። ሁለተኛ፣ ውቅያኖስ ላይ አውሮፕላኖች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት 123.45 የሚባል ፍሪኩዌንሲ አለ፣ የአደጋው 121.5ም ሁልጊዜ ክፍት ነው። እኛ አህጉር ላይ ደግሞ 126.9 አለ። ተቆጣጣሪ በደንብ በማይሰማባቸው የአፍሪካ ሰማዮች ላይ አብራሪዎች በዚህ ፍሪኩዌንሲ እዚህ ነኝ፣ ከፍታዬ ይሄ ነው፣ እዚያ በዚህ ሰዓት እደርሳለሁ እያሉ ለማንም ለሰማ ይናገራሉ። ይህ አሠራር የተፈጠረው ከመሬት ያለው ድምፅ ስለማይታመን ነው። ጸሐፊው የሚያደንቁት ድምፅ አፍሪካ ላይ ብዙ ቦታ እንደሌለ ከዚህ በላይ የሚመሰክር አላውቅም።

ይጠለፋል ለሚለው አጭር መልስ አለኝ፤ አዎ፣ አብዛኛው ዳታ ሊንክ በምስጢር ቁልፍ የተጠበቀ አይደለም፣ ይህም መስተካከል ያለበት ድክመት ነው። ግን የድምፁ ሬዲዮ ከዚያ የባሰ ክፍት ነው። ማስተላለፊያ የገዛ ሁሉ መናገር ይችላል። በ2016 አውስትራሊያ ሜልበርን ላይ አንድ ወጣት በአቪዬሽን ፍሪኩዌንሲ ገብቶ የውሸት መልእክት ሲያስተላልፍ ተይዞ ተከሷል። ድምፅ ከዚህ ይጠብቀናል ማለት በር የሌለውን ቤት ትቶ ቁልፍ የላላበትን መውቀስ ነው።

አስተማማኝ አይደለም ለሚለው ደግሞ ከጸሐፊው የተሻለ ማስረጃ ልስጣቸው፤ እሳቸው አላመጡትምና። የአውሮፓ ኅብረት ከፍ ብለው ለሚበሩ አውሮፕላኖች ዳታ ሊንክን ግዴታ ለማድረግ ሕግ አውጥቶ የመሬቱ ክፍል በ2013፣ አውሮፕላኖቹ በ2015 እንዲያሟሉ ወስኖ ነበር። ግንኙነቱ በየመሃሉ እየተቋረጠ አስቸገረ። የሬዲዮ ቻናሉም ተጨናንቆ ነበር። ቀኑ ወደ 2018ና 2020 ተገፋ። የእውነት ውርደት ነበር፣ ያወቀው ሁሉ ተናግሮበታል። ይህ ቢነሳ ኖሮ መልስ ለመስጠት ይከብደኝ ነበር።

እሳቸው ያነሱት ግን ኤር ፍራንስ 447ን ነው። ጁን 1 ቀን 2009 ከሪዮ ወደ ፓሪስ ሲሄድ አትላንቲክ ውስጥ ገባ፣ 228 ሰው ሞተ። ጽሑፉ «ዳታ ሊንኩ አልሠራም፣ አውሮፕላኑ ጠፋ» ብሎ ሁለቱን አያይዞ ያልፋል። የመጀመሪያው እውነት ነው። አብራሪዎቹ ከዳካር ጋር በዳታ ሊንክ ለመገናኘት ሦስት ጊዜ ሞክረው አልተሳካም፤ የበረራ እቅዳቸው ዳካር ሲስተም ውስጥ ስላልነበረ ሲስተሙ አልተቀበላቸውም። ግን አውሮፕላኑን የጣለው ይህ አይደለም። ፍጥነት የሚለኩት ቱቦዎች በበረዶ ተዘጉ፣ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው ኦቶፓይለት ለቀቀ፣ አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። ድምፁስ በዚያ ሌሊት ምን ሠራ? የብራዚሉ ተቆጣጣሪ ቀጣዩ ነጥብ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ደጋግሞ ጠየቀ፣ መልስ አላገኘም። የመጨረሻ ደቂቃዎቹን መጀመሪያ ያሳወቀው አውሮፕላኑ በራሱ በሳተላይት ለኩባንያው የላካቸው 24 የጥገና መልእክቶች ናቸው፤ ጥቁሩ ሳጥን ከባሕር የወጣው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በ2011 ነው። በዚህ አደጋ ጽሑፍን ከስሶ ድምፅን ነፃ ማውጣት የሚቻል አይመስለኝም።

የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚለው ነው የቀረው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787ን በአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ የተረከበው በኦገስት 2012 ነው፣ ኤ350ን ደግሞ በጁን 2016። ሁለቱም ዳታ ሊንክ ይዘው ነው የተሠሩት። ሰሜን አትላንቲክን በዋናዎቹ ከፍታዎች ለማቋረጥ፣ ከተወሰኑ ክልሎች በቀር፣ ዳታ ሊንክ የግድ ነው፤ በዚያ መንገድ አሜሪካ የደረሰ አብራሪያችን ጸሐፊው ለኛ አይሆንም ያሉትን እየተጠቀመ ነው የደረሰው። ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካን ብናይም ዳካር፣ ኒያሜ፣ ኢንጃሜና፣ ብራዛቪል፣ ከዚያም ማዳጋስካር አንታናናሪቮ ያሉት አሴክና በሚባለው የአፍሪካ አገሮች የጋራ የአየር ትራፊክ ድርጅት ሥር ያሉ ማዕከላት ይህንኑ ይጠቀማሉ። ሀብታም ስለሆኑ አይደለም። በሰሃራና በውቅያኖስ ላይ አንቴና ከመደርደር ሳተላይት ይቀላል፣ ይረክሳልም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፈለጉ የሚጽፉበት ብዙ ነገር አለ። ከዳካሩ ነገር እንደምናየው አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው መሣሪያ ብቻውን ምንም አይሠራም፤ አንዱ ማዕከል የበረራ እቅዱን ለሚቀጥለው በሰዓቱ ካላስተላለፈ በሩ አይከፈትም። ተቆጣጣሪው ከድምፅና ከጽሑፍ መቼ የቱን እንደሚጠቀም ደጋግሞ መለማመድ አለበት፤ ሳተላይቱ ሲቋረጥ አብራሪውን በኤችኤፍ የሚያገኙለት የሬዲዮ ኦፕሬተሮችም ያንን ጆሮ ማጣት የለባቸውም። ለዚህ በጀትና ሥልጠና ማነው የሚመድበው፣ ጎረቤት አገሮች በመካከላቸው ያለው የእቅድ ልውውጥስ ምን ያህል ይታመናል? በዚህ ላይ ቢጠይቁ እኔም አብሬያቸው እጠይቃለሁ።